አንገቷን አየሁ፣ ጉሮሮዋን ረሳሁ

የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ ጭንቅላቷ ወደ ቀኝ ትከሻዋ ዘንበል፣ አገጯ ወደ ግራ ዞር ብሎ ከእንቅልፏ ነቃች። ዛሬ ድናለች፤ ከሰፈር ልጆች ጋር ሱዚ ስትዘል ውላ ትገባለች። እኔን ግን ነገሩ አለቀቀኝም። መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። አንገቷ ከመጥመሙ ከስምንት ቀን በፊት ለጉሮሮዋ የታዘዘላትን አሞክሳሲሊን ቆጥሬ የሰጠሁት በገዛ እጄ ነው። አንገቷን ባየሁ ጊዜ ግን ያ ጉሮሮ ትዝ አላለኝም።

ጅማ ነን፤ እህቴ ቆጪ ነው የምትኖረው፤ እኔ ሄርማታ ገበያ አካባቢ እሠራለሁ። ያን ዕለት ጠዋት ደውላ «እትዬ፣ ልጅቷን አንገቷን ቀጭቷታል፤ ትራሱ ይሁን ብርዱ እንጃ። ምን ላድርግላት?» አለችኝ። ለምሳ ወጥቼ ሄድኩ። ልጅቷ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ቴሌቪዥን ታያለች። ልትስመኝ ስትል አንገቷ እምቢ ስላላት ከነትከሻዋ ዞረች።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት

ሰው ቀድሞ የሚጠረጥረው ቀድሞ ያየውን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የ14 ዓመት ልጅ በእናቱና በአጎቱ ተደግፎ የመድኃኒት ቤታችን በር ላይ ደርሶ ነበር። አንገቱ ወደ ኋላና ወደ ጎን ተጠምዝዟል፣ ዓይኖቹ ወደ ላይ ሄደው ቀርተዋል፣ መንጋጋው ተቆልፏል፤ ግን የሚባለውን ሁሉ ይሰማል። አጎትየው ልክፍት ነው፣ ቶሎ ጠበል እናድርሰው ይላሉ። እናትየው ማታ ሲያስመልሰው መርፌ እንደተወጋ ነገሩኝ። መርፌው ሜቶክሎፕራማይድ ነበር፤ ሁላችንም ፕላሲል የምንለው። ይህ መድኃኒት በአንዳንድ ሰው፣ በተለይ በልጆችና በወጣቶች ላይ፣ ከተሰጠ በኋላ ባሉት ሰዓታት ወይም አንድ ሁለት ቀናት ውስጥ የአንገትንና የፊትን ጡንቻ እንዲህ ያጣምማል። ሆስፒታል ሄዶ ማርከሻው በደም ሥሩ ሲሰጠው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንገቱ ተመለሰ። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ፕላሲል ዓመት ላልሞላቸው ጨርሶ እንዳይሰጥ፣ ለሌሎች ልጆችም ሁለተኛ አማራጭ ሆኖ ከ5 ቀን እንዳይበልጥ ያሳሰበው በዚህና በመሰል ጉዳት ነው። ከዚያ ልጅ ወዲህ የጠመመ አንገት ሳይ ከአፌ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል ፕላሲል ነው።

እህቴንም የጠየቅኳት ይህንኑ ነበር። «አስመልሷት ነበር? መርፌ ተወግታለች? ፕላሲል የሚባል ሽሮፕ ሰጥተሻታል?»

«ኧረ ምንም።»

እፎይ አልኩ። ያ እፎይታ ነው ያዘናጋኝ። የማውቀው ምክንያት ሲጠፋ ሌላ ምክንያት ያለ አልመሰለኝም፤ ጥፋቱን በትራሱ ላይ ጣልኩ። በክብደቷ ልክ አይቡፕሮፌን ሰጠኋት፣ ከምግብ በኋላ ብዬ። ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ጨርቅ አድርጉላት፣ አንገቷን ማንም በጉልበት እንዳያዞር አልኩና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ደጋግሜ አስቤበታለሁ፤ ያን ቀን የሰጠሁት ነገር በራሱ ስህተት አልነበረም። ልጆች አብዛኛውን ጊዜ አንገታቸው ጠሞ የሚነቁት በጡንቻ መኮማተር ነው። ትኩሳት ከሌለ፣ ካልወደቁ፣ እጅና እግራቸው ካልደነዘዘ፣ ማስታገሻና ሙቀት ሕክምናው ነው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለቃል። ያጠፋሁት ሌላ ሁለት ነገር ነው። ባለፈው ሳምንት ምን ሆና እንደነበር አልጠየቅኩም። እስከዚህ ቀን ካልተሻላት ሐኪም ያያታል ብዬ ቀን አልቆረጥኩም።

ቀኑ ደግሞ ሄደ። ክረምት ነው፤ ዝናቡ ከሰዓት ሲጀምር ጅማ ቤት ቤቱን ይከተታል፣ ቡናው ይፈላል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ስለ ልጅቷ አንገት ይመከራል። አንዷ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ቀጥፋ መጣች። ሌላዋ ንፋስ ነው አለች። እናቴ ለጋ ቅቤ ቀባቻት። በሦስተኛው ቀን በማስታገሻው ቀለል ያላት መሰለና ሁላችንም «ይኸው ለቀቃት» አልን፤ ሌሊት ግን ስትገላበጥ ጮኸች። በአምስተኛው ቀን አገጯን በመዳፏ ደግፋ መቀመጥ ጀመረች። ይህን አየሁት። በዓይኔ አይቼ «ትንሽ እንታገስ» አልኩ። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚለውን በየቀኑ ለደንበኛ እየነገርኩ የምውል ሰው ነኝ።

የወጌሻው እጅ

በሰባተኛው ቀን እናቴ ቆረጠች፤ ወጌሻ ይምጣ አለች። ደስ አላለኝም፤ ነገር ግን ለሰባት ቀን የእኔን መድኃኒት ወስዳ ላልዳነች ልጅ ምን ብዬ ልከራከር? ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ቢያንስ እኔ ባለሁበት ይሁን ብዬ ነው።

ወጌሻው በሰባዎቹ ውስጥ ያሉ፣ እጃቸው ከፊታቸው ይልቅ ወጣት የሚመስል ሰው ናቸው። የሰፈሩን የወለቀ ትከሻና የዞረ ቁርጭምጭሚት ሲመልሱ የኖሩ። ባለሦስት እግሯን በርጩማ ስበው ከልጅቷ ኋላ ተቀመጡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ቅቤውን በመዳፋቸው አሞቁ። እኔ ልቤ አፌ ውስጥ ነው። አሁን ጭንቅላቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ድንገት ያዞሩታል ብዬ ልናገር ተነሥቻለሁ።

አላዞሩትም። ከቀኝ ጆሮዋ ጀርባ ጀምረው በአውራ ጣታቸው እስከ ደረት አጥንቷ በቀስታ ወረዱ። ቆም አሉ። ወደ ግራ ተሻገሩ፣ በዚያው መንገድ ወረዱ። እንደገና ወደ ቀኝ ተመለሱ። ፊታቸው ተለወጠ። ግራውን እንደገና ነኩና እጃቸውን አንሥተው ቅቤውን በጨርቅ መጥረግ ጀመሩ።

«ይቺን አልነካትም» አሉ።

እናቴ ደነገጠች። «ምነው አባቴ? ገንዘቡን እንደሆነ...»

«ገንዘብ አይደለም የኔ እናት። የቀጨው አንገት ጅማቱ የሚገተረው በዘነበለበት በኩል ነው፤ ጎትቶ የሚያዘነብለው እሱ ነዋ። እሷ የዘነበለችው ወደ ቀኝ ነው፤ ቀኙ ግን ልል ነው። የተገተረው ግራው ነው። ይሄ ጅማት አላጣመማትም፤ ሊመልሳት ነው የሚታገለው። የያዛት ከውስጥ ነው። ሐኪም ቤት ውሰዷት፣ ዛሬውኑ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንዲህ ያለ አንድ ጊዜ ነክቼ ነበር።» የሚቀጥለውን ጠበቅኩ። አልቀጠሉም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

ፎጣ ጠቅልለን አንገቷን ደገፍንና ባጃጅ ጠራን። ሾፌሩን በቀስታ ንዳ ብለን ለመንነው። ጭንቅላቷን በሁለት መዳፌ ይዤ ነበር የሄድኩት፤ የመንገዱ ጉድጓድ እያንዳንዱ በእጄ ውስጥ አለፈ።

የሐኪሟ ጥያቄዎች

የተቀበለችን ወጣት የሕፃናት ሐኪም ናት። ልጅቷን ሳትነካ በፊት ብዙ ጠየቀች። ያን ጊዜ ጥያቄው በዝቶብኝ ነበር፤ ኋላ እያንዳንዱ የራሱ ፍርሃት እንዳለው ገባኝ።

ትኩሳት አላት? ለሃጭ ይዝረከረካል? መዋጥ አቅቷታል? አፏን መክፈት ትችላለች? ይህ ከጉሮሮ በስተጀርባ ለሚቋጠር መግል ነው፤ ይበልጥ የሚይዘው ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ሲሆን ካበጠ አየር ይዘጋል፤ እሱ ሰዓት አይሰጥም። ወድቃ ነበር? ሰው መትቷታል? ከአደጋ በኋላ የጠመመ አንገት አጥንቱ እስኪታይ ድረስ መንቀሳቀስ የለበትም። ጠዋት ጠዋት ያስመልሳታል? ራሷን ያማታል? ስትራመድ ትንገዳገዳለች? በጭንቅላት የኋላ ክፍል የሚበቅል ዕጢ አንዳንዴ ራሱን መጀመሪያ የሚያሳየው በአንገት መዝመም ነው። ስትተኛ አንገቷ ቀና ይላል? አንድ ዓይኗ ሲሸፈንስ? ዓይንን የሚያንቀሳቅስ ነርቭ የደከመበት ልጅ ነገር ሁለት ሆኖ እንዳይታየው አንገቱን ያዘነብላል፤ እሱ የሚታከመው በዓይን ሐኪም ነው። ከስታለች? ሌሊት ያልባታል? ቤት ውስጥ ቲቢ የታመመ አለ? የጀርባ አጥንት ቲቢ አንገት ላይም ይወጣል፤ አገጭን በእጅ ደግፎ መቀመጥም ከአንገት አጥንት በሽታ ምልክቶች አንዱ ነው። ይህን ስትል እኔና እህቴ ተያየን።

የወሰደችው መድኃኒት አለ? ጥያቄውን ሳትጨርስ «ፕላሲል አልወሰደችም» አልኩ።

«ባለፉት ሁለት ሦስት ሳምንታትስ ጉሮሮዋን ታማ ነበር?»

እህቴ ናት የመለሰችው። «አዎ፣ ቶንሲል ነበራት። መድኃኒቱን እትዬ ናት የሰጠችን።»

ያን ጊዜ የተሰማኝን አሁንም በትክክል መግለጽ አልችልም። ጠርሙሶቹ ናቸው የታዩኝ፤ ሁለት ጠርሙስ፣ ለ10 ቀን። በላያቸው ላይ የጻፍኩት የእጅ ጽሕፈቴ። እህቴ አልዋሸችኝም፤ አልጠየቅኳትማ። እሷ ጉሮሮና አንገትን ምን አገናኘው ብላ ታስብ? እኔ እንኳ አላሰብኩም።

ሐኪሟ ከልጅቷ ፊት ተቀምጣ ጣቷን ከጆሮዋ ጀርባ አሳረፈች። ቀኙን ነካች፣ ግራውን ነካች፣ ወደ ቀኙ ተመለሰች። ወጌሻው የሄዱበት መንገድ ነው፣ በመዓዛ ብቻ የሚለይ፤ እዚህ ቅቤ የለም። «ጡንቻው የተወጠረው በአገጯ በኩል ነው» አለች ለሥራ ባልደረባዋ። ከዚያ እጇን አስጨበጠቻት፣ አስራመደቻት፣ በመዶሻዋ ጉልበቷን መታ አደረገች። እጅና እግሯ ደህና ነበር። አልጋ ያዝን፤ በማግስቱ ሲቲ ስካን ተነሣች።

ከጉሮሮ እስከ አጥንት

አፋችንን ከፍተን በመስታወት ስናይ የሚታየን የጉሮሮ የኋላ ግድግዳ አለ። ከዚያ ግድግዳ ቀጥሎ፣ ከጥቂት ሥጋ በኋላ፣ አጥንት ነው፤ የአንገት የመጀመሪያውና ሁለተኛው አጥንት። የራጅ ባለሙያዎች እነዚህን ሁለት አጥንቶች ሲፈልጉ «አፍህን ክፈት» ብለው በአፍ በኩል የሚያነሡት ለዚህ ነው። የመጀመሪያው አጥንት ቀለበት ነው። ሁለተኛው እንደ ጥርስ የቆመ ዘንግ አለው፤ ቀለበቱ በዘንጉ ዙሪያ ይዞራል። «አይሆንም» ብለን ራሳችንን ስንነቀንቅ ግማሽ ያህሉ እንቅስቃሴ እዚያ መጋጠሚያ ላይ ነው። ዘንጉን ከቀለበቱ ጋር አጥብቆ የያዘው ጅማት ሲሆን፣ ከዘንጉ ጀርባ ደግሞ ኅብለ ሰረሰር ይወርዳል።

ጉሮሮ ሲቆጣ በዚያ አካባቢ ያሉ ደም መላሾች ቁጣውን ወደ መጋጠሚያው ያደርሱታል ተብሎ ይታመናል። ጅማቱ ይላላል። የልጆች ጅማት ድሮውንም ልል ነው፣ ጭንቅላታቸው ለአንገታቸው ከባድ ነው። ቀለበቱ ዞሮ እዚያው ይቀራል። ጡንቻው፣ ወጌሻው ጅማት ያሉት፣ ሊመልሰው ይታገላል፤ ወጌሻው በአውራ ጣታቸው ያገኙት ያንን ትግል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1830 ቻርልስ ቤል የሚባል ስኮትላንዳዊ ሐኪም በጉሮሮ ቁስል ምክንያት ይህ መጋጠሚያ ስለለቀቀበት ሰው ጻፈ። ከመቶ ዓመት በኋላ በ1930 ፈረንሳዊው ግሪዘል ጉሮሯቸውን ታመው አንገታቸው በጠመመ ልጆች ላይ ያየውን አሳተመ፤ ሕመሙ እስከ ዛሬ የሚጠራው በእሱ ስም ነው። ከቶንሲል ቀዶ ሕክምና በኋላም ይመጣል። የብዙ ሰው ሕመም አይደለም፤ በመድኃኒት ቤት ሥራዬ እስከዚያ ቀን አንድም አልገጠመኝም፣ ወይም ገጥሞኝ ማስታገሻ ሰጥቼ ሸኝቼዋለሁ። ይህች «ወይም» ናት ሌሊት የምትቀሰቅሰኝ።

የእሷ ቀለል ያለው ዓይነት ነበር። ቀለበቱ ዞሯል እንጂ ወደ ፊት አልተንሸራተተም። ሐኪሞች በቀለበቱና በዘንጉ መካከል ያለውን ክፍተት ይለካሉ፤ ከ3 ሚሊ ሜትር ሲያልፍ ይሠጋሉ፣ ከ5 ሲያልፍ ደግሞ ኅብለ ሰረሰሩ በጣም ያሠጋል። የእሷ ከ3 በታች ነው። ሐኪሟ ግን ከልኬቱ ይልቅ ቀኑን ደጋግማ ጠየቀችን፤ ስንት ቀን ሆናት? ሰባት። በመጀመሪያው ሳምንት የመጣ ልጅ ብዙውን ጊዜ በማስታገሻና አንገትን በሚደግፍ ለስላሳ ኮላር ይመለሳል። ካለፈ በአልጋ ላይ በክብደት መሳብ ይመጣል። ወር ካለፈው መልሶ ማስገባቱ ይከብዳል፤ አንዳንዱ አጥንቱን በቀዶ ሕክምና እስከ ማጣበቅ ይደርሳል፣ ያ ልጅ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ እንደ ሌላው አንገቱን አያዞርም። እኛ በድንበሩ ላይ ነበርን። ወጌሻው «ትንሽ ልሸው፣ ነገ እመለሳለሁ» ቢሉን ኖሮ፣ እኔም እንደለመድኩት «እንታገስ» ብል ኖሮ ብዬ እቆጥራለሁ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ ጠምዝዞ ለመመለስ መቸኮል በእርግጥም ነፍስ ያጠፋል። እኔ ግን የወደቅኩት በወዲያኛው ገደል ነው።

ሁለት ኪሎ

በአገጯና በማጅራቷ ሥር የሚያልፍ ማሰሪያ አደረጉላት። ከማሰሪያው ገመድ ይነሣል፣ በአልጋው ራስ ላይ ባለ መዘውር ያልፋል፣ ጫፉ ላይ ሁለት ኪሎ ያህል ክብደት ይንጠለጠላል። አልጋው በራሷ በኩል ከፍ ብሏል። ፀረ ተሕዋሲው በደም ሥሯ ይገባል፣ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ማታ ማታ ይሰጣታል። ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ታያለች። አጠገቧ ያለው ልጅ በመስኮቱ የሚታየውን ይነግራታል፤ ዘነበ፣ አባራ፣ ውሻ አለፈ።

በሁለተኛው ሌሊት ብርድ ልብስ ላመጣ ወደ እህቴ ቤት ሄድኩ። መደርደሪያው ላይ አንደኛው የአሞክሳሲሊን ጠርሙስ ግማሽ ሆኖ ተቀምጧል። ሁለተኛው አልተበጠበጠም፤ ዱቄቱ እንዳለ ነው። በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲጠፋ ዳነች ብለው አቁመዋል። እህቴን አልወቀስኳትም፤ ሙሉውን የጨረሱ ልጆችንም ይህ ሕመም ይይዛል። «እስከ መጨረሻው አጠጧት» ብዬ መናገሬን አስታውሳለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኳትም። ሰልፍ ነበር። ጠርሙሱን በኮቴ ኪስ ከትቼ ወጣሁ። አሁን የምሠራበት ባንኮኒ ላይ ተቀምጧል፤ የልጅ አንገት መቀቢያ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ መደርደሪያውን ሳልነካ በፊት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፦ ከመቼ ጀምሮ፣ ከዚያ በፊት ምን ታሞ ነበር፣ ምንስ ወሰደ።

በአምስተኛው ቀን ማለዳ ስገባ ልጅቷ ወደ መስኮቱ ዞራ ነበር። በዓይኗ ብቻ ሳይሆን በአንገቷ። «አክስቴ፣ ውሻው ነጭ ነው ለካ» አለችኝ። እህቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት ኮላር አድርጋ ቆየች፣ ሩጫና ዝላይ ተከልክላ፤ ክትትሉም አልተቋረጠም፣ መመለስ የሚችል ነገር ነውና።

ኮላሩ የወለቀ ሰሞን ቡናና ስኳር ይዘን ወጌሻው ዘንድ ሄድን። የሲቲ ስካኑን ፊልም እንድናመጣ አስቀድመው ልከውብን ነበር። በበሩ ብርሃን አንሥተው ለረጅም ጊዜ አዩት። ቀለበቱን አሳየኋቸው፣ ዘንጉን አሳየኋቸው። ከፊት ያለው ጥቁር ክፍት ምንድን ነው አሉኝ። ጉሮሮ ነው አልኩ። ጣታቸውን በጥቁሩና በአጥንቱ መካከል አስገቡ፤ ቦታው ለጣታቸው አልበቃም።

«ይቺን ታህል ናት በመካከላቸው ያለችው?»

«ይቺን ታህል ናት።»

ፊልሙን በጥንቃቄ አጥፈው መለሱልኝ። በርጩማዋን ወደ በሩ ስበው ልጅቷን ወደ ብርሃኑ አዞሯት። አንገቷን አልነኩም። «አፍሽን ክፈቺ የኔ ልጅ» አሏትና ጎንበስ ብለው ማየት ጀመሩ።